በሙግት የተገኘች ቅድመ አያት፦ ርስት፣ ስም እና የሴት ዘር ትውስታ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ሴት ነው። ንግሥት አልነበረችም፤ ገድል አልተጻፈላትም፤ ስሟ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ አይገኝም። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ተወልዳ፣ እዚያው ኖራ፣ በ1955 ዓ.ም. እዚያው የተቀበረች የእናቴ እናት እናት ናት። በእርሷ በኩል ግን አንድ ሰፋ ያለ ጥያቄ ማንሣት እፈልጋለሁ። አንዲት ተራ የገጠር ሴት ከሞተች በኋላ በቤተሰቧ ዘንድ የምትታወሰው በምን ምክንያት ነው? የምትረሳውስ በምን?

የማቀርበው መከራከሪያ አጭር ነው። ርስት በነገሠበት የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር የሴት አያቶች ስም ለብዙ ትውልድ ሲጠራ የኖረው በፍቅርና በአክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ስማቸውን የማያውቅ ሰው መሬት ያጣ ስለ ነበር ጭምር ነው። የመሬቱ ሥርዓት ሲለወጥ ትውስታው ምሰሶውን አጣ። ዛሬ አያቶቻችንን ማስታወስ የምንፈልግ ሰዎች እንግዲህ ሌላ ምክንያትና ሌላ መሣሪያ ማበጀት አለብን።

ስማችን የማይዘው

በቀላል ስሌት ልጀምር። እያንዳንዳችን 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉን። ከስምንቱ አራቱ ሴቶች ናቸው። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ብንወጣ በዚያ ደረጃ ላይ ብቻ 128 ሰዎች ይኖራሉ፤ 64ቱ ሴቶች ናቸው። የእኛ የስም አጠራር ግን የራስን ስም ከአባት፣ የአባትን ከአያት ጋር እያያያዘ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ወንድ ነው።

ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ይህን ብዙ ጊዜ በኩራት እንናገረዋለን፤ የሚያኮራም ነው። ነገር ግን የያዘችው ስም ወደ ልጆቿ አይሻገርም። ልጆቿ በአባታቸው፣ የልጅ ልጆቿ በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ። ሁለት ትውልድ ሲያልፍ የእርሷ ስም በማንም የስም መስመር ውስጥ የለም።

በዚያ ላይ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትጠራበት ስም አንድ ብቻ አልነበረም። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አለ። በአንዳንድ አካባቢ አማት ለሙሽራዋ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ በባሏ ቀዬ የሚያውቋት በዚያ ነው። ከወለደች በኋላ የእገሌ እናት ትባላለች። በቤተ ክርስቲያን የምትታሰበው በክርስትና ስሟ ነው፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሚካኤል። ስትመነኩስ እማሆይ ትሆናለች። ስለዚህ ስለ አንዲት ሴት አምስት ሰዎችን ብትጠይቁ አምስት ስም ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ አምስቱም እውነት ይሆናል። የተዝካሯን ስም ይዞ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ የሚሄድ ሰው አያገኛትም። በመዝገቡ ስም መቃብሯን የሚጠይቅም እንዲሁ።

የእኔ ቅድመ አያት በቤተሰባችን ዘንድ «እማሆይ» ብቻ ናት። የተወለደችበትን ስም ያወቅሁት ከሠላሳ ዓመት ዕድሜዬ በኋላ፣ ከአንድ የፍርድ ወረቀት ላይ ነው። ያንን ስም ዛሬ በዚህ አዳራሽ አልጠራውም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ርስት የሴትን ስም እንዴት ያስቆጥር እንደ ነበር

የአባት ስም አንዱን መስመር ብቻ ሲይዝ፣ ርስት ግን ሁሉንም መስመር ይከፍት ነበር። አንድ ሰው የርስት መብት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው፣ መወለዱን በመቁጠር ነው። ቆጠራው በአባት በኩልም በእናት በኩልም ይሄዳል። ሰውየው ከእናቱ ወደ እናቱ አባት፣ ከዚያ ወደ አባትዬው እናት፣ እንደ ገና ወደ ወንድ፣ እንደ ገና ወደ ሴት እየተሻገረ እስከ አቅኚው መድረስ ይችላል። በመርሕ ደረጃ ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ባለ ርስት ነበረች።

ይህን ሥርዓት በዝርዝር ካጠኑት አንዱ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ናቸው። በጎጃም ደጋ ዳሞት ኖረው ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ከእርሳቸው ጥናት ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ የዘር ቆጠራ ዝም ብሎ የተከማቸ እውቀት አይደለም፤ የይገባኛል ጥያቄ ነው። አንድ ሰው በብዙ መስመር መብት ሊጠይቅ ይችላል፤ በተግባር ግን የሚቆጥረው ጉልበት፣ ዘመድና ምስክር ያለውን መስመር ነው። ቆጥሮ የሚረታ ሰው የተከበረ ነው።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የበጌምድር አማሮችን የተመለከተ ጥናት አሳትመዋል፤ ርእሰ ጉዳዩም ሴቶች፣ ንብረትና ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ ያለውን መቶ ዓመት ይመለከታል። ምንጮቹ በአብያተ ክርስቲያናት ብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉ የመሬት ማስታወሻዎች ናቸው። በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ያወርሳሉ፣ ይከሳሉ፣ ይከሰሳሉ። ወንጌል በተጻፈበት ብራና ጠርዝ ላይ የአንዲት ሴት የመሬት ነገር ሰፍሮ ሦስት መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ በአገራችን አንዲት ሴት ወደ ጽሑፍ የምትገባባቸው ሦስት በሮች ነበሩ ማለት እንችላለን። አንደኛው ቅድስና ነው። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግእዝ ጽፏል፤ የጻፈውም የሚያውቋት ሰዎች ሲናገሩ ሰምቶ ነው። ሁለተኛው ሥልጣን ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር ወጣ ብሎ ያሠሩት የቁስቋም ደብር ዛሬም ስማቸውን ያስጠራል። ሦስተኛው ሙግት ነው። ቅድስናም ዙፋንም ያልደረሳት ሴት በሦስተኛው በር ትገባለች። የእኔ ቅድመ አያት የገባችው በዚሁ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። መብት መኖሩና መብትን መጠቀሙ የተለያዩ ናቸው። በአካባቢው ልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ መሬት ያላት ሴት ባል፣ ወንድም፣ ልጅ ወይም የእኩል አራሽ ያስፈልጋት ነበር። ካገባች የምትሄደው ወደ ባሏ አገር ነው፤ የእናቷን ርስት የሚያርሰው ወንድሟ ይሆናል። ዓመታት ሲያልፉ የሚያርሰው ሰው ባለቤት መምሰሉ አይቀርም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የሚጽናናበት ብዙውን ጊዜ መሬቱ ከእጁ የወጣበት ሰው ነው።

የእማሆይ ሕይወት

የተወለደችበት ቀን የተጻፈበት ቦታ የለም። ልጇ፣ ማለትም አያቴ፣ «የክፉ ቀን ማግስት ልጅ ናት» ትል ነበር። ክፉ ቀን የምንለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የቆየውን ታላቅ ረኀብ ነው፤ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተደራርበው አገር የተራቆተበት ዘመን። በአድዋ ዘመቻ ጊዜ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ዘማቾቹ ሲሄዱ እንዳየች ይነገራል። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የታዘለ ልጅ ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ዓመት አይበልጥም። ሁለቱ ንግግሮች ተደጋግፈው ወደ 1885 እና 1886 ዓ.ም. ያደርሱናል። የቃል ታሪክ ቀን አይሰጥም ለሚሉ ተማሪዎቼ ይህን ስሌት ሁልጊዜ እጠቅሰዋለሁ።

በልጅነቷ ተድራለች። አያቴን የወለደችው በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰማንያዋን አፍርሳ፣ የድርሻዋን ከብት ነድታ፣ ልጇን ይዛ ወደ እናቷ አጥቢያ ተመለሰች። በሰማንያ ጋብቻ ሴት ከጋራ ሀብት ድርሻዋን ይዛ መውጣቷ የታወቀ ሥርዓት ስለ ነበር ይህ ብቻውን አያስደንቅም። የሚያስገርመው ሌላ ባል አለማግባቷ ነው። የእናቷን መሬት ወንድሟ እያረሰ ድርሻዋን ይሰፍርላት ጀመር። እርሷ ፈትል ትፈትላለች፤ ለሰው እህል ታበድራለች፤ ልጇን ታሳድጋለች። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ወንድሟ ዱር ገባ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቤቱን፣ የወንድሟን ልጆችና መሬቱን የያዘችው እርሷ ናት። በሌሊት ስንቅ ታሲዝ እንደ ነበር በሁለቱም ወገን ያሉ ዘመዶቼ ይስማማሉ፤ ምናልባትም ስለ እርሷ የሚስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ከነጻነት በኋላ ወንድሟ በክብር ተመለሰ። መንግሥት ግብርን በገንዘብ ማስከፈልና ደረሰኝ መስጠት ሲያጠናክር፣ ደረሰኙ በወንድሟ ስም ተቆረጠ። እርሱ የከፋ ሰው አልነበረም፤ ግብሩን የሚከፍለው ወንድ ነው፣ ወንዱም እርሱ ነው። ይሁንና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረሰኙ ከቆጠራ በላይ ማስረጃ ሆነ። የእህቱን ድርሻ መስፈር መጀመሪያ ቀነሰ፤ በኋላም «ለአንቺ ጡረታ ይበቃሻል» ብሎ በፈቃዱ የሚሰጣት አደረገው። በድርሻና በጡረታ መካከል ያለውን ልዩነት ቅድመ አያቴ አልሳተችውም። ድርሻ ለልጅ ይተላለፋል፤ ጡረታ ከተጧሪዋ ጋር ይቀበራል።

በ1942 ዓ.ም. ወንድሟን ከሰሰች።

በቤተሰባችን የቀረው ወረቀት የውሳኔው ግልባጭ ነው፤ ሁለት ቅጠል፣ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት፣ ለብዙ ዓመት በአቁማዳ ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረ። ከሳሽ ነገረ ፈጅ ሳታቆም ራሷ ቀርባ መናገሯን ይገልጻል። ከዚያ ቆጠራው ይመጣል። ከእርሷ በላይ እስከ አቅኚው ስድስት ስም ተጽፏል። ከስድስቱ ሁለቱ የሴት ስም ናቸው፤ አንደኛዋ እናቷ፣ ሁለተኛዋ የእናቷ አባት እናት። በትውልድ ብናሰላው ይህች ሁለተኛዋ በዘመነ መሳፍንት ተወልዳ የኖረች ሴት መሆን አለባት። በዚህ ምድር ላይ ስለ እርሷ የቀረው አንድ ነገር በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ስሟ ነው።

ሦስት ሽማግሌዎች ቆጠራውን መሰከሩ። ወንድሟ ደረሰኙን አቀረበ። ዳኛው ከአራቱ ማሳ ሁለቱን ለእርሷና ለተወላጆቿ፣ ሁለቱን ለወንድሟ ወሰነ። በግርጌው የሁለቱም የጣት አሻራ አለ። የሁለቱ አሻራ ጎን ለጎን ከተቀመጠበት ከዚያ ቀን በኋላ እህትና ወንድም በአንድ ማዕድ እንዳልቀረቡ ይነገራል።

«ነገረኛ»

አሁን ወደ ትውስታው ልመለስ። ከወንድሟ የሚወለዱት ዘመዶቼ ስለ እርሷ የሚሉት አንድ ቃል አለ፤ «ነገረኛ»። ሙሉው ዓረፍተ ነገር «አርበኛ ወንድሟን የከሰሰች ነገረኛ» የሚል ነው። ከእርሷ የምንወለደው ደግሞ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለን፤ «በአምስቱ ዓመት ልጆቹን ያሳደገችለት እህቱን የካዳት»። ሰባ ዓመት አልፎም በሁለቱ ወገን መካከል ለሐዘን የማይደራረሱ ቤቶች አሉ። ስሟን በአደባባይ ያልጠራሁት ስለዚህ ነው። ስሟ ከተነገረ የወንድሟም ይታወቃል። ለመጥራት የሁለቱም ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአንዱን አግኝቻለሁ፣ የሌላውን በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ለእኔ እንደ ተመራማሪ የሚያሳስበኝ ግን ከሁለቱ ማን ትክክል ነው የሚለው አይደለም። ቃሉ ራሱ ነው። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ቆጥሮ የሚረታ ወንድ «አንደበተ ርቱዕ»፣ «ርስቱን የማያስነካ»፣ «ያባቱ ልጅ» ይባላል። ሙግት የወንድ ክብር መለኪያ ነበር፤ በበላ ልበልሃ ሥርዓት ተሟጋቹ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ ሲናገር ሰው ተሰብስቦ ያደንቃል። ያንኑ ሥራ ሴት ስትሠራው ስሙ ይለወጣል። መብቱ ለሁለቱም ፆታ ክፍት ነበር፤ መብቱን በመጠቀም የሚገኘው ምስጋና ግን ለወንዱ ብቻ ነበር። የርስት ሥርዓትን ለሴቶች እኩልነት የሰጠ ሥርዓት አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎችን ስታነብቡ ይህን ልዩነት አትርሱ። በሌላ በኩል ሥርዓቱን ሴትን ፈጽሞ የነፈገ አድርገው የሚያቀርቡትን ስታነብቡ ደግሞ ያንን ባለ ማኅተም ወረቀት አስታውሱ።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። «ነገረኛ» የሚለው ስድብ ባይኖር ኖሮ የወንድሟ ወገን ጭራሽ አያስታውሳትም ነበር። እህቶቿ ነበሯት፤ ባል አግብተው፣ ድርሻቸውን ለወንድማቸው ትተው፣ በሰላም ኖረው ሞተዋል። በሁለቱም ወገን የእነርሱን ስም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የተስማሙት ተረሱ፤ የተከራከረችው ቀረች።

ቆጠራው የቆመበት ዓመት

የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ በወጣትነቱ የቤቱ ቆጣሪ ነበር። በአምስት መስመር እስከ አቅኚው ሳያቋርጥ ይወጣ ነበር፤ በየመስመሩ ያሉትን ሴቶች ከነአጥቢያቸው ይጠራቸዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ የተነሣው ስለ ገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካ ርስትነቱ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበረበት። አጎቴ የዚያን ጊዜ የነበረውን ስሜት ሲገልጽ «ገመድ ከገባ ቆጠራ ይወጣል» ይል ነበር።

ቆጠራን ያስወጣው ግን የመለኪያ ገመድ አልሆነም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ለብዙ ሚሊዮን ጢሰኛ ነጻነት ነበር፤ ያንን ታላቅነት አሳንሼ ማየት አልፈልግም። በርስት አገር ግን ከመሬቱ ጋር አንድ የእውቀት ዓይነት አብሮ ተሰናበተ። መሬት በገበሬ ማኅበር ሲደለደል ማንም ሰው የቅድመ አያቱን እናት ስም አይጠየቅም። የቤተሰቡ ብዛት ነው የሚጠየቀው። አጎቴን በ1980ዎቹ ድምፁን ልቀዳ በሄድኩ ጊዜ ከአምስቱ መስመር ሁለቱ ብቻ ቀርተውት ነበር። የቀሩትን ስጠይቀው «ልጄ፣ ከእንግዲህ ማንን ለማን ልቁጠር?» አለኝ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። የአባቶች መስመር ስማችን ላይ ስላለ ሳንደክም ይቆያል። የእናቶች መስመር ግን በሥራ ብቻ የሚቆይ ነው፤ ሥራው ቆመ። ለጋብቻ የሚደረገው የሰባት ቤት ቆጠራ በሁለቱም ወገን ስለሚሄድ ጥቂት ረድቷል፤ ከተማ ውስጥ ግን እርሱም «ዘመድ አይደለንም» ከማለት አልፎ ስም በስም ሲጠራ ብዙም አይሰማም።

የማይቆጠሩት

ስለ ርስት ቆጠራ ያለኝን አድናቆት ሳልገድብ ማለፍ አልፈልግም። ቆጠራው የሚያስታውሰው መሬት ያመጣችውን ሴት ነው። መሬት ያላመጣችው ከመስመሩ ትወጣለች። በብዙ ባለ ርስት ቤት ውስጥ በደሞዝ የኖረች፣ በገረድነት የወለደች፣ በባርነት ተገዝታ የመጣች ሴት ነበረች። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የቅድመ አያቶቻችን ዕድሜ ነው። የእነዚያ ሴቶች ልጆችና የልጅ ልጆች በመካከላችን አሉ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቅ ከእነርሱ እንወለዳለን። ቤተሰብ ግን ስማቸውን በአባት ስም ይሸፍነዋል። የእናቱ ስም ሲጠየቅ ወሬ የሚለወጥበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ሽማግሌው የሚያስሉበት አያት ካለ፣ ያ ዝምታ ራሱ መረጃ ነው። በግድ አትበርግዱት፤ ግን በማስታወሻችሁ ላይ ቦታውን ባዶ አድርጋችሁ አስቀምጡለት። ባዶ ቦታ የተተወለት ሰው ቢያንስ መኖሩ ይታወቃል።

ለተማሪዎች፦ እንዴት እንጀምር

ከዚህ አዳራሽ ከሃምሳ በላይ ተማሪ ወደየአገሩ ለዕረፍት ሊሄድ ነው። ከራሴ ሥራ ያገኘኋቸውን ጥቂት ነገሮች ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ ስሞቿን ሁሉ ጠይቁ። «ስሟ ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ያመጣል። «አባቷ ማን ይሏት ነበር? አማቷስ? ቄሱ በምን ስም ያነሷት ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስት ታገኛላችሁ። ሦስቱንም ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ቀን አትጠይቁ፤ ድርጊት ጠይቁ። ጣሊያን ሲገባ አግብታ ነበር? የመጀመሪያ ልጇ ዘውዱ ሲወርድ ስንት ዓመቱ ነበር? ከሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ተነሥታችሁ ያሰላችሁት ዓመት ሲገጣጠም እመኑት።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ወገን ጠይቁ። የተጣላ ቤተሰብ ለታሪክ ተመራማሪ ጸጋ ነው፤ አንዱ የሚደብቀውን ሌላው አይረሳውም። ነገር ግን ከአንዱ ቤት የሰማችሁትን ወደ ሌላው ቤት አታድርሱ። ልጅነታችሁ ከተመራማሪነታችሁ ይቀድማል።

አራተኛ፣ ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ። ሳሎን ውስጥ ወንዶች ባሉበት የመሬቱ ታሪክ ይነገራል። የወሊዱ፣ የፍቺው፣ የሞቱ ሕፃናት ታሪክ የሚነገረው ጓዳ ውስጥ፣ ቡና ሲቆላ ወይም ጥጥ ሲፈተል ነው። ቅድመ አያቴ ከአያቴ ሌላ ሦስት ልጆች ወልዳ መቅበሯን የነገረችኝ አንዲት አሮጊት ዘመዴ ናት፤ በዚያ ሁለት ቅጠል ወረቀት ውስጥ ስለ እነርሱ አንድ ፊደል የለም።

አምስተኛ፣ ወረቀት ፈልጉ። የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ የእድር መዝገብ፣ በዳዊት ልባስ ውስጥ የተወሸቀ ቁራጭ። ፎቶግራፍ አንሡት፤ ዋናውን ግን ከባለቤቱ እጅ አትውሰዱ።

ዘመኑ ሁሉን አላጨለመም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል ለባለ ይዞታዎች የተሰጠው የመሬት ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስም ከነፎቶግራፋቸው የያዘ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ደግሞ በልደት መዝገብ ላይ የእናትም ስም እንዲሰፍር ያደርጋል። በሁለት ማሳ ምክንያት ዳኛ ፊት የቆመችው ሴት ፎቶግራፏ በመሬት ደብተር ላይ ተለጥፎ ብታይ ምን ትል እንደ ነበር አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ምናልባት ፎቶውን ሳይሆን በስሟ የተጻፈው ማሳ ስንት እንደ ሆነ ታስቆጥር ነበር።

መዝገብ ግን ስምን ይይዛል እንጂ ሕይወትን አይዝም። ያ ከእናንተ ይጠበቃል። የምጠይቃችሁም ይህን ነው፦ ከዕረፍት ስትመለሱ በእናታችሁ በኩል ስለ አንዲት ቅድመ አያት አንድ ገጽ ጻፉ። ለእኔ አታስረክቡትም፤ ውጤትም የለውም። አንዱን ቅጂ ለነገራችሁ ሰው ስጡ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። «እንዲህ አይደለም» ብለው የሚያርሟችሁን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉት። የመጀመሪያው ገጽ የሚጠናቀቀው ያን ጊዜ ነው።